ጠርሙሱን ይዛችሁ ኑ፦ ስለ ተባይ ማጥፊያ መመረዝ የአንባቢያን ጥያቄዎች

ከአዳማና ከዙሪያዋ የሚደርሱን ደብዳቤዎች ከሰሞኑ በአንድ ጉዳይ ላይ በርትተዋል፤ ኬሚካል። በአዋሽ ውሃ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለማ ገበሬ አለ፣ እህል አስቀምጦ ዋጋ የሚጠብቅ ነጋዴ አለ፣ ትኋንና በረሮ እንቅልፍ የነሳው ተከራይ አለ። ሁሉም ቤት አንድ ጠርሙስ ወይም አንድ ቋጠሮ ዱቄት አይጠፋም፤ ብዙውን ጊዜ ስሙ የማይታወቅ። ወደ ጥያቄዎቹ ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር እንለምናችኋለን። "ፀረ-ተባይ ጠጣ" ማለት ለሐኪም ግማሽ መረጃ ነው። ኦርጋኖፎስፌት፣ ካርባሜት፣ ፓይሪትሮይድ፣ ፎስፋይድ የሚባሉት የተለያዩ መርዞች ናቸው፤ የአንዱ መድኃኒት ለሌላው ላይሠራ ይችላል። ሕክምናውን የሚወስነው ከንግድ ስሙ ዝቅ ብሎ በደቃቅ ፊደል የተጻፈው የንጥረ ነገሩ ስም ነው። ስሙን ማንበብ ቢያቅታችሁ እንኳ መያዣውን ይዛችሁ ኑ።

ጥያቄ፦ በመስኖ ሽንኩርትና ቲማቲም አለማለሁ። ከሰዓት በኋላ ስረጭ የዋልኩ ቀን ማታ ራሴን ያመኛል፣ ዓይኔ ይደበዝዛል፣ ደረቴን ያፍነኛል፣ ላብ በላብ እሆናለሁ። ሲነጋ ይተወኛል። ጓደኞቼ "ሙቀቱ ነው፣ ወተት ጠጣበት" ይሉኛል። ሁለት ኬሚካል ቀላቅዬ ነው የምረጨው፤ አንዱ ላይ ፕሮፌኖፎስ፣ ሌላው ላይ ላምዳ-ሳይሃሎትሪን የሚል ተጽፏል። አፍና አፍንጫዬን በፎጣ እሸፍናለሁ። (ከወንጂ)

መልስ፦ ከነገሩን ምልክት ተነስተን ስናየው፣ ያገኘዎት የሙቀት ድካም ብቻ አይመስለንም፤ መመረዝ ነው። ፕሮፌኖፎስ ኦርጋኖፎስፌት ከሚባለው ወገን ነው። ነርቭ ለጡንቻና ለዕጢ ትእዛዝ የሚያስተላልፈው አሴቲልኮሊን በሚባል ኬሚካል ሲሆን፣ ትእዛዙ እንደደረሰ ኮሊንኤስተሬዝ የተባለ ኢንዛይም ያፈርሰዋል። ኦርጋኖፎስፌት ይህን ኢንዛይም ጠፍንጎ ይይዘዋል፤ ትእዛዙም ማቆሚያ ያጣል። ላብ፣ ምራቅና እንባ ይፈስሳል፣ የዓይን ብሌን ይጠባል፣ የሳንባ ቱቦዎች ጠብበው በአክታ ይሞላሉ፣ ሆድ ይቆርጣል፣ ጡንቻ ከቆዳ ሥር ይርገበገባል። ሲብስ ጡንቻው ይዝላል፤ የመተንፈሻው ጡንቻም ጭምር። የሚገድለውም ይኸው ነው፤ ሰውየው በገዛ አክታው ይታፈናል ወይም መተንፈስ ያቅተዋል።

በሙቀት የደከመ ሰውም ያልበዋል፣ ራሱንም ያመዋል። ነገር ግን አፉ ይደርቃል፣ ውሃ ይጠማዋል። በኦርጋኖፎስፌት የተመረዘ ሰው ግን አፉ በምራቅ ይሞላል፣ ዓይኑ ያነባል፣ አፍንጫው ይፈስሳል። ዳግመኛ ቢያምዎት ጥላ ውስጥ ይግቡና ሰው ዓይንዎን ይይልዎት። ጥላ ውስጥ ሊሰፋ የሚገባው ብሌን ጠቦ ከቀረ ነገሩ ኬሚካሉ ነው፤ ምሽቱን ሳይጠብቁ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ።

ፎጣውን በተመለከተ፣ ገበሬዎቻችን የሚጠነቀቁት ለአፍንጫቸው ነው፤ በርጭት ሥራ ግን መርዙ በብዛት የሚገባው በቆዳ ነው። ሁሉም ቆዳ ደግሞ እኩል አይደለም። በሰው ላይ በተደረገ የታወቀ ጥናት ፓራታይን የተባለው ኦርጋኖፎስፌት በግንባርና በራስ ቆዳ በኩል የገባው በክንድ ከሚገባው 4 እጥፍ ገደማ ሲሆን፣ በወንድ ብልት ከረጢት ቆዳ በኩል ግን ወደ 12 እጥፍ ነበር። ጀርባ ላይ የሚታዘለው መርጫ ክዳኑ ወይም ቱቦው ሲያንጠባጥብ ፈሳሹ በወገብ አድርጎ ወደ ብሽሽት ይወርዳል፤ ሱሪው እርጥብ ሆኖ ሲዋል መርዙ ቀኑን ሙሉ ሲገባ ይውላል ማለት ነው። ሙቀትና ላብ ይህንኑ ያፋጥነዋል። የራሰ ፎጣም ፊት ላይ ታስሮ ሲውል መርዙን ቆዳ ላይ ለጥፎ ያቆየዋል። ስለዚህ ወደ ማሳ ከመውጣትዎ በፊት መርጫውን ንጹህ ውሃ ሞልተው ጫና በመስጠት የሚያፈስበትን ቦታ ይፈልጉ፤ ጎሚኒውን ይቀይሩ። ኬሚካል የነካው ልብስ እርጥብ ሆኖ አይዋል፤ ወዲያው አውልቀው በሳሙና ይታጠቡ። ኖዝል (የመርጫው ጫፍ) ሲደፈን በአፍ መንፋት የተለመደ ነው፤ ይቅርና በሣር እንጨት ወይም በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይጥረጉት። ጓንቱ የናይትሪል ይሁን፤ የጨርቅ ጓንት ፈሳሹን መጥጦ ይይዛል። ሱሪውን በቦቲው ላይ አውርዱት እንጂ ቦቲው ውስጥ አትክተቱት፤ ካልሆነ የሚወርደው ሁሉ እግር ላይ ይጠራቀማል። የቆዳ ጫማ አንዴ ከራሰ በእጥበት አይጸዳም፤ ይጣል።

መቀላቀሉም የራሱ ጉዳት አለው። ላምዳ-ሳይሃሎትሪን የፓይሪትሮይድ ወገን ነው፤ ሰውነታችን ፓይሪትሮይድን የሚሰባብርባቸውን ኢንዛይሞች ደግሞ ኦርጋኖፎስፌቱ ያሰናክላቸዋል። ለተባዩ የሚበረታው ቅልቅል ለሚረጨው ሰውም ይበረታል። ፊትዎንና አንገትዎን የሚነዝርዎት፣ የሚያቃጥልዎት ከሆነ እሱ የፓይሪትሮይዱ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በ24 ሰዓት ውስጥ ይተዋል። በቀዝቃዛ ውሃና በሳሙና ይታጠቡ፤ ሙቅ ውሃ ያብሰዋል። ከፋርማሲ የሚገኝ የቫይታሚን ኢ ቅባት ማቃጠሉን ያቀልለታል።

ወተት ይህን መርዝ አያረክሰውም። ሲነጋ መተዉም መዳን ማለት አይደለም፤ በዚህ መርዝ የታሰረ ኢንዛይም በቀይ የደም ሕዋስ ላይ የሚተካው በቀን 1 በመቶ ያህል ብቻ ነው። በየሳምንቱ የሚረጭ ሰው ያለፈው ሳምንት ጉድለት ሳይሞላ ሌላ ይጨምርበታል፤ አንድ ቀን እንደወትሮው በረጨው መጠን ይወድቃል። ስለዚህ ቢያንስ ለአንድ ወር ከኦርጋኖፎስፌትና ከካርባሜት ርጭት ይራቁ፤ ሌላ ሰው ይርጭልዎ። የደም ኮሊንኤስተሬዝ ምርመራ በሚሠራበት ቦታ፣ የርጭት ወቅት ከመግባቱ በፊት የራስዎን መነሻ ቁጥር ያስለኩ። ከሰው ሰው ስለሚለያይ የሚመዘነው ከራስዎ መነሻ ጋር ነው፤ የቀይ ደም ሕዋሱ ልኬት ከመነሻው 70 በመቶና ከዚያ በታች ከወረደ ወደ 80 በመቶ እስኪመለስ ኬሚካል አይንኩ።

አንድ ነገር ደግሞ ለባለቤትዎ። የርጭቱን ልብስ በባዶ እጅ፣ ከልጆች ልብስ ጋር በአንድ ሳፋ አይጠቡት። ለብቻው፣ በጓንት፣ ሁለቴ ይታጠብ፤ እጣቢው ከጉድጓድ ውኃና ከከብት መጠጫ ርቆ ይደፋ።

ጥያቄ፦ የ3 ዓመት ልጄ አልጋ ሥር በሃይላንድ ውስጥ የተቀመጠ የበረሮ መድኃኒት ተጎነጨ። ጎረቤቶች ወተት ሰጡት፣ ከዚያም እንዲያስመልሰው የሳሙና ውሃ አጠጡት። ሆስፒታል አድረን ተርፎልኛል፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ግን ምን ማድረግ ነበረብን? (ከአዳማ፣ ፍራንኮ አካባቢ)

መልስ፦ እንኳን ተረፈልዎት። ጎረቤቶችዎ ለልጁ አዝነው ነው ያደረጉት፤ ሆኖም ሁለቱም መደረግ የሌለባቸው ናቸው። ብዙዎቹ ፈሳሽ ተባይ ማጥፊያዎች ንጥረ ነገራቸው የሚሟሟው ከነዳጅ በሚገኝ ፈሳሽ ነው፤ ሲከፈቱ ጋዝ ጋዝ የሚሸቱት ለዚህ ነው። ይህ ፈሳሽ ሆድ ውስጥ ከሚያደርሰው ጉዳት ይልቅ ሲያስመልሱት ወደ ሳንባ ቢገባ የሚያደርሰው ይከፋል፤ ከባድ የሳንባ ቁጣ ያስከትላል። በዚያ ላይ ልጁ እያስመለሰው ሳለ ራሱን ሊስት ወይም ሊንቀጠቀጥ ይችላል። ወተቱ ሆድ ይሞላል፣ ትውከት ይጠራል፤ ስብ ውስጥ የሚሟሟውን መርዝም ከሰውነት አያስወጣም። ጨው፣ ሎሚ፣ ዘይት፣ የተፈጨ የቤት ከሰል፣ ምንም በአፍ አይሰጥ። በሆስፒታል የሚሰጠው ከሰል ለመድኃኒትነት የተዘጋጀ ሌላ ነገር ነው፤ እሱንም ሐኪሙ አመዛዝኖ ነው የሚሰጠው።

ማድረግ የነበረባችሁ ይህ ነው። መጀመሪያ እጃችሁ ላይ ጓንት፣ ከሌለ ፌስታል አጥልቁ፤ የተመረዘን ሰው ትውከትና ልብስ በባዶ እጅ የነካ ሰው ራሱ ሊመረዝ ይችላል። አፉ ውስጥ የቀረውን በጨርቅ ጥረጉ። የረጠበ ልብሱን ሙሉ በሙሉ አውልቁ፤ ቆዳውንና ፀጉሩን፣ የጆሮ ኋላና የጥፍር ሥር ሳይቀር በብዙ ውሃና በሳሙና እጠቡ። ዓይኑ ውስጥ ከገባ ሽፋሽፍቱን ከፍቶ ይዞ ንጹህ ውሃ ለ15 ደቂቃ ማፍሰስ ነው። ልጁ ከደከመ ወይም ራሱን ከሳተ እጥበቱ ጉዞውን አያዘግየው፤ ልብሱን ብቻ አውልቃችሁ ተነሱ። በመንገድ ላይ በግራ ጎኑ አስተኙት፤ ቢያስመልስ ወደ ውጭ ይፈስሳል። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ስልክ 907 ነው። አምቡላንሱ ከዘገየ በባጃጅም ቢሆን ወደ አዳማ ሆስፒታል ሜዲካል ኮሌጅ ወይም ወደሚቀርባችሁ ተቋም ሂዱ። ጠርሙሱን በፌስታል ቋጥራችሁ ይዛችሁ፤ መቼ እንደጠጣ ሰዓቱን አስታውሳችሁ።

ልጁ ደህና ቢመስልም ከመሄድ አትቅሩ። የተዋጠ ኦርጋኖፎስፌት ምልክቱ በደቂቃዎችም በሰዓታትም ሊመጣ ይችላል፤ በቆዳ የገባው እስከ 12 ሰዓት ሊዘገይ ይችላል። ሕፃናት ላይ ደግሞ ምራቁና ላቡ ሳይጎላ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት፣ መላላት ወይም መንቀጥቀጥ ሊቀድም ስለሚችል፣ እንደ ማጅራት ገትር ወይም እንደ ሚጥል በሽታ ተቆጥሮ ሰዓት ይባክናል። "ቤት ውስጥ ኬሚካል ነበር" የምትሉት አንድ ቃል ሐኪሙን ከዚህ ያድነዋል።

የሁሉም መነሻ ግን ሃይላንዱ ነው። ሱቁ ከትልቁ ጀሪካን በትንሹ ቀድቶ ሲሸጥ መለያው እዚያው ይቀራል፤ ልጁም ሃይላንድ ሲያይ የሚያውቀው ውሃ ነው። በውሃና በለስላሳ ጠርሙስ የተቀዳ ኬሚካል ከናካቴው አትግዙ። መያዣው ላይ ያለውን የቀለም መስመርም እዩ፦ ቀይ እጅግ አደገኛ፣ ቢጫ መካከለኛ፣ ሰማያዊ አነስተኛ፣ አረንጓዴ ከዚያ ያነሰ አደጋ ያለው ነው። ቀይ መስመር ያለበት ነገር መኖሪያ ቤት ውስጥ ቦታ የለውም።

ጥያቄ፦ ጤፍና በቆሎ የማስቀምጠው መኝታ ቤቴ አጠገብ ባለ ክፍል ነው። ለነቀዝ የሚሆን ክኒን ገዝቼ በየጆንያው ልከት አስቤአለሁ። ስንት ስንት ይበቃል? (እህል ነጋዴ፣ አዳማ)

መልስ፦ አንድም አይክተቱ። ይህን የምንልዎት በእርስዎና በጎረቤትዎ ሕይወት ስለሚመጣ ነው።

ክኒኑ አልሙኒየም ፎስፋይድ ነው። አየር ውስጥ ያለው እርጥበት ሲነካው ፎስፊን የተባለ ጋዝ ይለቃል፤ 3 ግራም የሚመዝነው አንዱ ፍሬ 1 ግራም ጋዝ ያወጣል። ነቀዙን የሚገድለው ጋዙ ነው፤ ሰውንም እንዲሁ። ከአየር ጥቂት ስለሚከብድ በበር ሥር፣ በግድግዳ ስንጥቅ፣ በኮርኒስ አልፎ ወደሚቀጥለው ክፍል ይገባል። የነጭ ሽንኩርት ወይም የበሰበሰ ዓሣ ሽታ አለው ይባላል፤ ሽታው አለመኖሩ ግን ጋዙ የለም ማለት አይደለም። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ሳል፣ የደረት መታፈን፣ የደም ግፊት መውረድ፣ የልብ ምት መዛባት ይከተላል። የፎስፊን ማርከሻ መድኃኒት የለም። ሆስፒታል የሚያደርገው ልብና ሳንባን መደገፍ ብቻ ነው።

ይህ ክኒን የሚሠራው ሰው በማይኖርበት መጋዘን፣ እህሉ በላስቲክ ሸራ ተሸፍኖ ዳሩ አሸዋ በተሞላ ረጅም ከረጢት ታሽጎ፣ በሠለጠነ ሰው እጅ፣ ለተወሰኑ ቀናት ተዘግቶና ተናፍሶ ነው። ጆንያ ጋዝ አይይዝም፤ ጋዙ ነቀዙን ሳይጨርስ ወደ መኝታ ቤትዎ ይሄዳል። የቀረው አመድም ያልጨረሰ ጋዝ ሊኖረው ይችላል፤ ተዘግቶ በቆርቆሮ አይቀመጥ፣ ቤት ውስጥም አይደፋ። ጋዙ በተለቀቀበት ቤት ውስጥ ያለ ሰው መጀመሪያ ወደ ንጹህ አየር ይውጣ፤ ለማዳን የሚገባውም በሩንና መስኮቱን ሳይከፍት አይግባ።

ለቤት የሚሻለው ሦስት ድርብ ያለው አየር የማያስገባ ከረጢት ነው፤ ፒክስ ይባላል። ውስጠኞቹ ሁለቱ ላስቲክ፣ ውጭኛው ማዳበሪያ ነው። እህሉ በደንብ መድረቅ አለበት፤ ጥርስ ሲነክሰው ቋ ብሎ መሰበር፣ እርጥበቱ ከ13 በመቶ በታች መሆን። አየሩን እየጨመቁ ላስቲኮቹን አንድ በአንድ ጠምዝዘው ማሰር ነው። ነቀዙ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ጨርሶ ይሞታል። በየሦስት ቀኑ እየከፈቱ ካዩት ግን አየር ይገባና ልፋቱ ከንቱ ነው።

ጥያቄ፦ ጤና ጣቢያ የምሠራ ነርስ ነኝ። ኦርጋኖፎስፌት የጠጣ ሰው ሲመጣ 1 ሚሊ ግራም አትሮፒን (ማርከሻውን) ሰጥተን ሪፈር እንጽፋለን። መንገድ ላይ የሚያልፉ አሉ። የልብ ምቱ ፈጣን ከሆነስ አትሮፒን መስጠት ይቻላል? (ከአዳማ ዙሪያ)

መልስ፦ ጥያቄሽ ብዙ ሕይወት የተንጠለጠለበት ነው። ለአዋቂ መነሻው ከ1 እስከ 3 ሚሊ ግራም በደም ሥር ነው፤ ለሕፃን በኪሎ ከ0.02 እስከ 0.05 ሚሊ ግራም። ዋናው ነገር መነሻው ሳይሆን የሚከተለው ነው፦ በየ5 ደቂቃው ማየት፣ መሻሻል ከሌለ የቀደመውን መጠን እጥፍ አድርጎ መስጠት። 2፣ ከዚያ 4፣ ከዚያ 8፣ ከዚያ 16 ብትሄጂ በ15 ደቂቃ ውስጥ 30 ሚሊ ግራም ይሆናል፤ ባለ 1 ሚሊ ግራም አምፑል ከሆነ 30 አምፑል። በከባድ መመረዝ ይህ ብዙ አይደለም። ጤና ጣቢያው በመደርደሪያው 5 አምፑል ይዞ ይህን በሽተኛ ሊያክም እንደማይችል ለኃላፊዎቻችሁ በጽሑፍ ማሳወቅ የእናንተ ድርሻ ነው፤ በተለይ የርጭት ወቅት ሳይገባ።

ማቆሚያሽ ሳንባ ነው። በስቴቶስኮፕ ስታዳምጪ እርጥቡ ድምፅና ሲርሲርታው ሲጠፋ፣ የልብ ምት ከ80 ሲያልፍ፣ የላይኛው ግፊት ከ80 በላይ ሲሆን፣ ብብት ሲደርቅ በቂ ነው። የልብ ምት መፍጠን አትሮፒን አይከለክልም። ሳንባው በአክታ ተሞልቶ ኦክስጅን ያጣ፣ ወይም መርዙ ራሱ ያፈጠነው ልብ ነው የሚሆነው። ብሌኑም ዘግይቶ ስለሚሰፋ እሱን ብቻ አትጠብቂ። ኦክስጅን ካለ ስጪ፤ ከሌለ ግን አትሮፒኑን አታዘግዪ። ከዚያ በኋላ እስካሁን ከሰጠሽው ድምር ከ10 እስከ 20 በመቶውን በየሰዓቱ በድሪፕ ማስቀጠል ነው፤ ሪፈሩ ላይ ድምሩንና ሰዓቱን ጻፊ፣ አምፑልም አብሮ ይሂድ፣ ነርስም አብራ ትሂድ። ትኩሳት፣ መቅበዝበዝ፣ የአንጀት ድምፅ መጥፋት፣ ሽንት መያዝ ከመጣ በዝቷል፤ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ አቁመሽ በቀነሰ መጠን ጀምሪ። ከተንቀጠቀጠ ዳያዚፓም 10 ሚሊ ግራም ቀስ ብሎ በደም ሥር። ፕራሊዶክሲም (ሌላው የኦርጋኖፎስፌት ማርከሻ) በሚገኝበት ሆስፒታል የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው በኪሎ 30 ሚሊ ግራም በ30 ደቂቃ ገደማ፣ ቀጥሎ በየሰዓቱ በኪሎ 8 ሚሊ ግራም ነው፤ ከአትሮፒን በኋላ እንጂ በአትሮፒን ፋንታ አይደለም። ራሱን ለሳተ ሰው የመተንፈሻ ቱቦው ሳይጠበቅ ጨጓራ አይታጠብ።

የከብት መዥገር መድኃኒት ነው ካሉሽ ስሙን አጣሪ። አሚትራዝ ከሆነ ብሌን ይጠባል፣ ልብ ይዘገያል፣ እንቅልፍ ይጥላል፤ ነገር ግን ምራቅና አክታው እንደ ኦርጋኖፎስፌት አይጎርፍም፣ የደም ስኳርም ሊጨምር ይችላል። እዚያ ላይ አትሮፒን የሚያስፈልገው ልቡ በጣም ከዘገየ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ እህቴ ከባሏ ጋር ተጣልታ ኬሚካል ጠጣች። በሁለተኛው ቀን ነቅታ፣ አውርታ፣ ሻይ ጠጥታ ነበር። ወደ ቤት እንውሰዳት ስንል በሦስተኛው ቀን ትንፋሽ አጥሯት መሣሪያ ላይ ዋለች። አሁን ተሽሏታል። ምን ነበር የሆነችው? (ስም አይገለጽ)

መልስ፦ ይህ በኦርጋኖፎስፌት መመረዝ የታወቀ ሁለተኛ ዙር ነው። ከ24 እስከ 96 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ የመጀመሪያው ላብና ምራቅ ካለፈ በኋላ፣ የአንገት፣ የትከሻ፣ የጭንና የመተንፈሻ ጡንቻዎች ይዝላሉ። ምራቅ ስለሌለ ቤተሰብ "ድናለች" ይላል። አስታማሚ ሊያየው የሚችል ቀላል ምልክት አለ፦ በሽተኛዋ በጀርባዋ ተኝታ ራሷን ከትራሱ ማንሳት ካቃታት ወዲያው ሐኪም ጥሩ፤ የአንገት መድከም ከትንፋሽ መድከም ቀድሞ ይመጣል። አትሮፒን ይህን አያድንም፤ የሚያድነው በጊዜ በመሣሪያ ማስተንፈስ ነው። ስለዚህ ስለነቃች ብቻ ፈርማችሁ አታውጧት፤ ሐኪሞቹ እንድትቆይ ሲሉ የሚጠብቁት ይህንን ነው።

ከሆስፒታል ስትወጣ ከአእምሮ ሐኪም ጋር ሳትገናኝ አትውጣ። ነውር ነው ብላችሁ አትደብቁት፤ ለሐኪምም "በስህተት ነው" አትበሉ፤ እናንተም አትውቀሷት። ኬሚካሉን ግን ከግቢው አስወጡ። ኬሚካል የግድ ከሆነ ተቆልፎ፣ ቁልፉ ሌላ ሰው ጋ፣ ከመኖሪያ ቤት ርቆ ይቀመጥ። ብዙዎች እንዲህ ያለውን ነገር የሚያደርጉት በአንድ ንዴት፣ በእጃቸው ባገኙት ነገር ነው፤ ያ ሰዓት ሲያልፍ መኖር ይፈልጋሉ።

ጥያቄ፦ አባቴ ተመርዞ ዳነ፤ ሦስት ሳምንት ቆይቶ ግን እግሩ ይነዝረው፣ ይደነዝዘው፣ ሲራመድ ይጎትተው ጀመር። ግንኙነት አለው? (ከአዋሽ መልካሳ)

መልስ፦ ሊኖረው ይችላል። አንዳንድ ኦርጋኖፎስፌቶች ከ1 እስከ 3 ሳምንት ዘግይተው ረጃጅሞቹን ነርቮች ይጎዳሉ፤ መጀመሪያ የእግር ጣትና ባት፣ ከዚያ እጅ። ማርከሻ የለውም፤ አካላዊ ሕክምና ጡንቻው እንዳይሟሽሽ ያግዛል፣ መሻሻሉም ወራትን ይወስዳል። የስኳር በሽታና የቫይታሚን ቢ12 እጥረትም ይህንኑ ስለሚመስሉ ይመርመሩላቸው። ለዓመታት ሲረጩ የኖሩ ሰዎች ላይ የማስታወስና የትኩረት መድከም ይታያል፣ ከፓርኪንሰን በሽታ ጋርም ዝምድና ተገኝቷል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም በ2007 ዓ.ም. ማላታይንን፣ ዳያዚኖንንና ዲዲቲን "በሰው ላይ ካንሰር አምጪ ሳይሆኑ አይቀሩም" ከሚለው ምድብ ውስጥ አስገብቷቸዋል። ማላታይን በየጉልቱ በቋጠሮ እንደሚሸጥ ስናስብ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ጥያቄ፦ ለልጆቼ ራስ ቅማል ማላታይን ዱቄት ይደረግ ወይስ ፍሊት? (ከአዳማ)

መልስ፦ ሁለቱም አይደረጉ። የራስ ቆዳ መርዝ በቀላሉ ያስገባል፤ በሻሽ ተጠቅልሎ ሲታደር ይብሳል። ከፋርማሲ ፐርሜትሪን 1 በመቶ የሚል ለራስ የተዘጋጀ ቅባት ይግዙ፤ ታጥቦ በተጨመቀ ፀጉር ላይ 10 ደቂቃ አቆይቶ ማጠብ፣ ከ9 ቀን ገደማ በኋላ መድገም፣ በቀጭን ማበጠሪያ ቅጫሙን ማውጣት ነው። ተቀጣጣይ በመሆኑ ላምባም አይደረግ።

ጥያቄ፦ ነፍሰ ጡር ነኝ። ለወባ ቤታችን ሊረጭ ነው፤ አጎበርም ተሰጥቶናል። ልፍራ? (ከአዳማ፣ ቦኩ ሸነን)

መልስ፦ ወባ ለእርስዎም ለጽንሱም ከአጎበሩ ይልቅ እጅግ አደገኛ ነው፤ አጎበሩን ይጠቀሙ። አዲሱን አጎበር ለአንድ ቀን ጥላ ላይ ያናፍሱት፤ የመጀመሪያ ሰሞን ፊት ቢነዝር በራሱ ይተዋል። እጣቢው ዓሣ ስለሚገድል ወንዝ ውስጥ አይጠቡት። ቤቱ ሲረጭ ምግብ፣ ውሃና ዕቃ ይውጣ፤ እርስዎም ልጆችም ውጡ። ርጭቱ እስኪደርቅ፣ ቢያንስ 2 ሰዓት ቆይታችሁ፣ በርና መስኮት ከፍታችሁ ቤቱን አናፍሱ። የወደቁትን ነፍሳት ሌላ ሰው ይጥረግና ይቅበር፤ ዶሮ አይልቀማቸው። የተረጨውን ግድግዳ አይለስኑት።

ጥያቄ፦ ከገበያ የገዛሁትን ቲማቲምና ጥቅል ጎመን በኮምጣጤ ብዘፈዝፈው መርዙ ይለቃል? (ከአዳማ)

መልስ፦ ላዩ ላይ ያለው በሚፈስ ውሃ በእጅ እያሹ ሲታጠብ በአብዛኛው ይቀንሳል፤ ኮምጣጤው ያን ያህል አይጨምርም። ሳሙና አትክልቱ ውስጥ ስለሚገባ አይጠቀሙ። የጥቅል ጎመንን ሁለትና ሦስት የውጭ ቅጠል ይጣሉ፣ ቲማቲሙን ለልጆች ይላጡት። እንደ ዳይሜቶኤት ያሉት ግን ወደ ተክሉ ውስጥ ስለሚገቡ ማጠብ አያወጣቸውም። እነሱን የሚያጠፋቸው ከመጨረሻው ርጭት እስከ ለቀማ ያለው ጊዜ ነው፤ መያዣው ላይ በቀን ተጽፏል። ስለዚህ ደንበኛ ገበሬ ካለዎት "መቼ ነው የረጨኸው?" ብለው ይጠይቁ። ለገበያ ቀን እንዲያምር ዋዜማውን የሚረጭ ሰው ካጋጠመዎት አትክልቱን እዚያው ይተዉለት።